ምርጫ ያለውና ምርጫ የሌለው ወላጅ
ስለ መዋዕለ ሕፃናት አመራረጥ ከአሰላና ከአርሲ ደጋ አንፃር የቀረበ ሂስ

ለልጅ የሚሆን ጥሩ መዋዕለ ሕፃናት እንዴት ይመረጣል የሚለው ጥያቄ ለወላጆች በሚዘጋጁ ጽሑፎች ዘወትር ይነሣል። የሚሰጠውም መልስ ባብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ወላጅ ግቢውን ይመልከት፣ የመምህራኑን የሥልጠና ማስረጃ ይጠይቅ፣ ሁለት ሦስት ተቋማትን አወዳድሮ ይወስን ይባላል። ምክሩ በራሱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን መራጭም ተመራጭም አለ ከሚል ግምት ይነሣል። ይህ ግምት በአሰላ ከተማ በከፊል እውነት ነው። ከከተማው ወጥቶ የሳጉሬንና የበቆጂን መንገድ ለያዘ ሰው ግን ብዙም ሳይርቅ ትርጉሙን ያጣል። በገጠር ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ለስድስት ዓመት ልጁ የሚያገኘው፣ ካገኘ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግቢ የተከፈተውን የ«ኦ» ክፍል ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት የሕፃኑን ሁለንተናዊ ዕድገት እንዲያግዝ ቢደነግግም፣ አገልግሎቱን የማቅረቡ ሥራ በተግባር ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ድርጅቶችና ለማኅበረሰቡ የተተወ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው፤ የወላጆችን ትምህርት፣ ከፅንስ ጀምሮ የሚሰጥ የጤና ክብካቤን፣ መዋዕለ ሕፃናትንና በማኅበረሰብ ደረጃ የሚካሄድ የትምህርት ዝግጁነትን አራት ምሰሶዎች አድርጎ ያቆማል። በመጨረሻው ምሰሶ ሥር በዩኒሴፍ ድጋፍ የተሞከረው «ከልጅ ለልጅ» የተባለው ዘዴ ይገኛል፤ ከፍ ያሉት ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን በጨዋታ ያስተምራሉ። (በቄስ ትምህርት ቤትም ሆነ በቁርኣን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን እንደ አዲስ ግኝት ባያየው አይፈረድበትም።)

የማዕቀፉ ስፋት ግን በአፈጻጸም ጠበበ። በ2003 ዓ.ም. የቅድመ አንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 10 በታች ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከመቶ 30 በላይ ሆነ። የዚህ ዕድገት ትልቁ ክፍል የመጣው በ«ኦ» ክፍል ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ግቢው አለ፣ ርእሰ መምህሩ አለ፣ የሚጨመረው አንድ ክፍልና አንድ መምህር ነው። የሚቆጠረውም ቶሎ ይቆጠራል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንደሚታየው፣ ለክፍሉ የሚመደበው ለሕፃናት ያልሠለጠነ መምህር ነው፤ ሕፃናቱም የሚቀመጡት ለአንደኛ ክፍል ተማሪ በተሠራ አግዳሚ ላይ ነው። በዚህ ሁኔታ የሚሰጠው ትምህርት በአንድ ዓመት የቀደመ አንደኛ ክፍል እንጂ መዋዕለ ሕፃናት ሊባል አይገባውም።

ምርጫ ያለው የከተማ ወላጅስ በምን ይመርጣል? እዚህ ላይ ሂሱ ወደ እኛው ወደ ወላጆች ይዞራል። ብዙዎቻችን የምንመርጠው የደንብ ልብሱን፣ የምረቃ በዓሉን፣ በአራት ዓመት የሚሰጠውን የቤት ሥራ፣ ከሁሉም በላይ እንግሊዝኛውን አይተን ነው። የአሰላ ሕፃን በቤቱ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ይናገራል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም ይሰማል። ይህ ሀብት ነው። ጥሩ መምህር በሁለቱም ቋንቋ ተረት እያወራች፣ እንቆቅልሽ እየጠየቀች ልታሳድገው ትችላለች። በምትኩ ልጁ በማያውቀው ሦስተኛ ቋንቋ የፍራፍሬ ስም ሲደረድር ይውላል፤ ደጅ የሚያየው ገብስና ስንዴ ግን በየትኛውም ቋንቋ አይነሣለትም። ወላጁ ማታ የሰማውን የእንግሊዝኛ ቃል ቆጥሮ ገንዘቡ በከንቱ እንዳልወጣ ያምናል። የልጁ ዝምታ ግን በየትኛውም መዝገብ አይገባም።

በውጭ አገር ከተደረጉት ጥናቶች በብዛት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1967 በአሜሪካ ሚሺጋን፣ በኢፕሲላንቲ ከተማ የተካሄደው የፔሪ ሙከራ ነው። የተጠኑት ሕፃናት 123 ብቻ ነበሩ። በፕሮግራሙ የተሳተፉት በጉልምስናቸው ያሳዩት ብልጫ በየስብሰባው ይነገራል፤ በምን እንደተገኘ ግን እምብዛም አይነገርም። ለአንዲት መምህርት የሚደርሷት ሕፃናት ጥቂት ነበሩ፤ መምህራኑም በየሳምንቱ የልጁን ቤት እየጎበኙ ከእናቱ ጋር ይሠሩ ነበር። ሃምሳ ሕፃናት በአንድ መምህር ሥር አስቀምጦ የፔሪን ውጤት መጠበቅ ዘሩን ትቶ አዝመራውን እንደ መናፈቅ ነው።

አርሲ ይህን መሰል ነገር ከዚህ ቀደም አይታለች። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ የታሰበው ለአነስተኛው ገበሬ ነበር። ምርጥ ዘሩና ማዳበሪያው መሬቱን አትራፊ ባደረገው ጊዜ ግን ባለሰፊ መሬቶቹ ትራክተር አስገብተው ጢሰኛውን አፈናቀሉ። ምርጫን ለወላጅ ብቻ የሚተው አሠራርም ወደዚያው ያዘነብላል፤ የሠለጠኑት መምህራን ክፍያ ወዳለበት ወደ ከተማው ይሳባሉ፣ ለገጠሩ «ኦ» ክፍል የተረፈው ይመደባል።

ርቀት ደግሞ ራሱን የቻለ መመዘኛ ነው። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በጭላሎ ተራራ ሥር ትገኛለች፤ የታኅሣሥ ማለዳዋ ለትልቅ ሰውም ይከብዳል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር ሁሉም ይተርከዋል፤ በየስብሰባውም እንደ ማበረታቻ ይነገራል። ለአራት ዓመት ሕፃን ግን ይህ የሚነገር ታሪክ አይደለም። እርሱ በታላቅ እኅቱ ጀርባ ታዝሎ ወይም በእግሩ እየተጎተተ ደርሶ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ሰዓት የሚያሳልፈው እየተንቀጠቀጠ ነው። ስለዚህ ለገጠሩ ሕፃን ጥሩ ማዕከል ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ቅርብ የሆነ፣ ሞቅ ያለ ክፍልና ንጹሕ መጸዳጃ ያለው፣ ሲያለቅስ የምታነሣው ሴት ያለችበት ነው። የቀረው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የ2015ቱ ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ደረጃውን ትምህርት ሁለት ዓመት ስላደረገው ጥያቄው የከተማ ወላጆች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። የወረዳ ዕቅድ አውጪ ሥራውን ከሪፖርት ቅጹ ሊጀምር ይችላል። ከተመዘገቡት ሕፃናት ቁጥር አጠገብ ሦስት ዐምዶች ይጨመሩ፤ መምህሯ ምን እንደሠለጠነች፣ ሕፃናቱ ከምን ያህል ርቀት እንደሚመጡ፣ በክፍሉ በየትኛው ቋንቋ እንደሚነገር ይሞላባቸው። ቅጹም በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ፣ ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ ይለጠፍ።