በአራት ቁጥር የታሰረ እግር፦ ትውስታ በጃፓን ሬስሊንግ

ሮላን ባርት በ1957 ያሳተመው «ሚቶሎዢ» የሚጀምረው ስለ ሬስሊንግ በተጻፈ ድርሰት ነው። ባርት ሬስሊንግ ስፖርት ሳይሆን ትርኢት ነው ይልና ከቦክስ ይለየዋል። ቦክስ በተመልካቹ ዓይን ፊት የሚገነባ ታሪክ ሲሆን፣ የሬስሊንግ ተመልካች ግን የያዘው ቅጽበት ይበቃዋል፤ ነገሩ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አያስጨንቀውም ባይ ነው። በጊዜው ለነበሩት የፓሪስ አዳራሾች ልክ ሊሆን ይችላል። ጃፓን ላይ ግን አይሠራም። የቶኪዮና የኦሳካ ተመልካች መዝገብ ያዥ ነው፤ አንድ ምት ሲሰነዘር ያለፉትን ዓመታት አብሮ ያያል። የግጥሚያው ውጤት ቀድሞ የተወሰነ መሆኑን አንባቢ እንደሚያውቅ ቆጥሬ ልለፈው። በአንገት መውደቅን ግን ቅድመ ስምምነት አያቀለውም። (ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጁን 3 ቀን 1994 ኒፖን ቡዶካን አዳራሽ ውስጥ ሚትሱሃሩ ሚሳዋ ኦል ጃፓን የተባለውን የሬስሊንግ ድርጅት ሻምፒዮና፣ «ሶስትዮሽ ዘውድ»ን ይዞ ቶሺያኪ ካዋዳን ገጠመ። ሁለቱ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ ሚሳዋ በአንድ ክፍል ይቀድማል። ሜይ 1990 ላይ ሚሳዋ የ«ታይገር ማስክ»ን ጭንብል በግጥሚያ መሀል አውልቆ በገዛ ፊቱ ሲቆም፣ የጭንብሉን ማሰሪያ የፈታለት የዚያ ምሽት አጣማሪው ካዋዳ ነበር። ወር ሳይሞላ ሚሳዋ የድርጅቱን አውራ ጃምቦ ትሱሩታን አሸንፎ ኮከብ ሆነ። ማሰሪያውን የፈታው ሰው ከኋላ ቀረ።

ይህን ያላወቀ ሰው የሚያየው ሁለት ፈርጣማ ሰዎች ለ35 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሲደባደቡ ነው፤ ካዋዳ በርግጫ፣ ሚሳዋ በክርን። ያወቀ ግን ሌላ ነገር ያያል። የሚሳዋ ፊት እንደ ግድግዳ ነው፣ ምንም አይነበብበትም። ካዋዳ ሲመታ ወዲያው አይወድቅም፤ እንደ ቆመ ይቆያል፣ ጉልበቱ ቀስ ብሎ ይከዳዋል፣ ከዚያ ይፈርሳል። በእኔ ዓይን ከዚህ አወዳደቅ የሚበልጥ ትወና በዚህ ሙያ የለም። ማብቂያው ላይ ሚሳዋ የካዋዳን ሁለት ክንዶች ከኋላ ጠምዶ ያነሳዋል። ሕዝቡ ይህን አነሳስ በየጊዜው ያየው ነው፤ የሚነሳው ሰው የሚያርፈው በጀርባው ነው። በዚህ ምሽት ግን ካዋዳ በአንገቱ ወረደ። ስልቱ በስሙ ላይ የ1991ን ቁጥር ይዟል፤ ሚሳዋ በዚያ ዓመት ተጠቅሞበት ከዚያ ደብቆት የኖረ ነው። ለክፍል ታናሹ አወጣው። ካዋዳ ዘውዱን ከሚሳዋ እጅ ለመንጠቅ እስከ ሜይ 1998 ጠበቀ።

ይህ ዓይነቱ ትረካ ዕዳ አለው። ትውስታን ለማስደንገጥ በየጊዜው ከፍ ካለ ቦታ፣ በጠበበ ማዕዘን መውደቅ ያስፈልጋል። ሚሳዋ ጁን 13 ቀን 2009 ሂሮሺማ ውስጥ በግጥሚያ ላይ ወደ ኋላ ተወርውሮ ከወደቀ በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የ1994ቱን ግጥሚያ በንጹሕ ደስታ ማየት አቅቶኛል፤ ድንቅነቱን ግን አልክድም።

የሴቶቹ ሬስሊንግ ትውስታን የሚያከማችበት መንገድ ሌላ ነው፦ ዕንባ። ኦገስት 28 ቀን 1985 ኦሳካ ላይ ቺጉሳ ናጋዮና ዳምፕ ማትሱሞቶ የተሸነፈች ፀጉሯን ትላጫለች ተባብለው ገጠሙ። ሁለቱም ሙያውን በ1980 አብረው የጀመሩ ናቸው፤ አንዷ የተማሪ ልጃገረዶች ጣኦት፣ ሌላዋ የአገሩ ሁሉ ጠላት ሆነው ተለያዩ። ቺጉሳ ደም በደም ሆና ተሸነፈች፤ እዚያው ሪንጉ ላይ ፀጉሯ ተላጨ። በቅጂው ላይ የሚጎላው የምቱ ድምፅ ሳይሆን የልጃገረዶቹ ዋይታ ነው፤ ልክ እንደ ለቅሶ ቤት። እንደ ትግል ካየነው ግጥሚያው ደካማ ነው፣ ያዝ ለቀቅ ይበዛበታል። እንደ ትርኢት ግን ከዚህ በላይ ተመልካቹን የያዘ አላየሁም። በቀጣዩ ዓመት የመላጨቱ ተራ የዳምፕ ሆነ።

በፈንጂ ግጥሚያዎች ስለሚታወቀው አትሱሺ ኦኒታ ብዙ አልልም። በገመድ ፋንታ እሾሃማ ሽቦና ፈንጂ የተወጠረበት ሪንግ በቶሎ ይሰለቻል። ሜይ 5 ቀን 1993 ካዋሳኪ ስታዲየም ላይ ግን አንድ ነገር ተከሰተ። ኦኒታ የ48 ዓመቱን አሜሪካዊ ቴሪ ፈንክን አሸነፈ፤ የፈንጂው ሰዓት መቁጠሩን ቀጠለ፤ ፈንክ ራሱን እንደ ሳተ ተጋድሟል። ኦኒታ ሊቀሰቅሰው ሞክሮ ሲያቅተው በላዩ ተኝቶ በገላው ሸፈነው፤ ፈንጂው ፈነዳ። አፍቃሪው የሚያስታውሰው ይህን እንጂ ድሉን አይደለም።

ዲዲቲ በተባለው ድርጅት ደግሞ ኮታ ኢቡሺ «ዮሺሂኮ» ከሚባል በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ጋር ታግሏል፣ ተወርውሯልም። ቀልድ ነው፤ ግን ቀልዱ የሚገባው እያንዳንዱን አያያዝና አወዳደቅ በቃሉ ለሚያውቅ ተመልካች ብቻ ነው። ባርትን ለመሞገት አሻንጉሊቱ ብቻውን ይበቃ ነበር።

በዚህ ዳሰሳ አንደኛ የማደርገው ግን ኦክቶበር 9 ቀን 1995 ቶኪዮ ዶም ውስጥ የተደረገውን ነው። የኖቡሂኮ ታካዳ ቡድን ገመድ ላይ መንጠርን፣ ያረጁ አያያዞችን ንቆ «እውነተኛው የእኛ ነው» እያለ በርግጫና መገጣጠሚያ በመቆለፍ የሚታገል ነበር። በዚያ ምሽት የተቀናቃኙ ድርጅት የኒው ጃፓን ታጋይ ኬጂ ሙቶ፣ ታካዳ የሰነዘረበትን እግር ያዘ፣ ጠምዝዞ ጣለው፣ ከዚያም የታካዳን እግሮች በአራት ቁጥር ቅርጽ ቆላለፈ። አዳራሹ ተናወጠ። ይህ አያያዝ ነጭ ጭንብል ለባሹ አሜሪካዊ «ዘ ዲስትሮየር» በሜይ 1963 ከጃፓን ሬስሊንግ አባት ከሪኪዶዛን ጋር በገጠመበት ምሽት፣ 64 ከመቶ የቴሌቪዥን ተመልካች ያየው አያያዝ ነው፤ አያቶች የሚያውቁት፣ «እውነተኞቹ» የሚስቁበት። ታካዳ በ16 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ተሸነፈ። የዘመኑን ክርክር የዘጋው በቁም የተናቀ አሮጌ ብልሃት ነው፤ እንዲህ ያለ ሂስ በወረቀት ላይ ጽፎ ያሳመነኝ ሰው የለም።

ታካዳ በጃንዋሪ 1996 ሙቶን መልሶ አሸነፈ። የታካዳ ቡድን ግን ያንን ዓመት አልተሻገረም። ኦክቶበር 11 ቀን 1997 በዚያው ቶኪዮ ዶም፣ ውጤቱ ባልተወሰነበት ግጥሚያ፣ ብራዚላዊው ሪክሰን ግሬሲ በ4 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ የታካዳን ክንድ ቆልፎ እጅ አሰጠው።