የሰው ትዝታ

ሰው ያልኖረበት ዘመን ይናፍቀዋል?

ለሥራ እንግሊዝ አገር በሄድኩበት ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የድሮ ኮምፒውተር ወዳጆች ያዘጋጁት ኤግዚቢሽን ገባሁ። ቦታው የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ በየጠረጴዛው ላይ ወፍራም ቴሌቪዥን፣ ከፊቱ ኪቦርድ። ቢቢሲ ማይክሮ አለ፣ ኮሞዶር 64 አለ፣ ዜድኤክስ ስፔክትረም አለ። ጎብኚው በአብዛኛው የአባቴ እኩያ የሆነ ወንድ ነው። ካሴት ሲጫን የሚወጣው ያ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ሲሰማ ፊታቸው ይበራል። እኔ ስወለድ እነዚህ ማሽኖች ከገበያ ወጥተው ነበር። ታዲያ የኔ ሆድ ለምን ባባ?

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። እዚያ አዳራሽ ውስጥ መስታወት ውስጥ የተቆለፈ ነገር የለም። ቆም ብለህ ካየህ አንዱ መጥቶ ወንበር ይስብልሃል። ስፔክትረሙን ስታበራው የምትመርጠው ሥዕል አያቀርብልህም። ነጭ ስክሪን፣ ከሥር አንድ መስመር ጽሑፍ፣ ከዚያ ዝም። ትእዛዝህን ይጠብቃል። ስልኬ እንዲህ ጠብቆኝ አያውቅም፤ ሲበራ ምን እንደማይ ሌላ ሰው ቀድሞ ወስኖልኛል። ኮድ እየጻፍኩ እንጀራ የምበላ ሰው ሆኜ እንኳ፣ ኪሴ ውስጥ ያለው ማሽን የኔ እንዳልሆነ የተሰማኝ እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ችግሩ ግድግዳው ላይ ነው። «ኮምፒውተር የሁሉም የነበረበት ዘመን» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል። ሁሉም ማለት ማን ነው?

ስፔክትረም እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ባለ 16 ኪሎባይቱ 125 ፓውንድ፣ ባለ 48ቱ 175 ፓውንድ ነበር። ለጊዜው ርካሽ ነው፣ አልክድም። ግን ይሄን ማሽን የገጣጠሙት ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ ከተማ፣ ታይሜክስ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ። ፋብሪካው በ1993 ከመራራ የሠራተኞች ውዝግብ በኋላ ተዘጋ። አዳራሹ ውስጥ የሰር ክላይቭ ሲንክሌርን ፎቶ ሦስት ቦታ አየሁ። የዳንዲን ሴቶች ፈልጌ አጣሁ። ትዝታ እንዲህ ነው፤ የወደደውን ፊት ያስቀርና ሌላውን ይሸኛል።

ይሄ ነገር የከነከነኝ በእናቴ ምክንያት ይመስለኛል። እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ታይፒስት ነበረች። ስፔክትረም በወጣበት ዓመት እሷ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ደብዳቤ ትመታለች። እሷም ቀኑን ሙሉ ጣቷ ኪቦርድ ላይ ነው። በዚያ «ሁሉም» ውስጥ ግን የለችም።

ስለዚህ ማሽኑን ልፈትነው ተነሳሁ። ስፔክትረም ላይ ተጠቃሚው ራሱ የሚስላቸው ፊደሎች ቦታ አላቸው። እያንዳንዱ ፊደል ስምንት በስምንት ነጥብ ነው፤ ስምንት ቁጥር ትሰጠዋለህ፣ እሱ ይስልልሃል። ለ«ሀ» 0፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 36፣ 24፣ 0 ብዬ ጻፍኩ። ስክሪኑ ላይ «ሀ» ወጣ። ለ«ለ» ያንኑ ቁጥር ከኋላ ወደፊት ገለበጥኩት። እውነት ለመናገር፣ ያን ቀን እንደዚያ የተደሰትኩበት ነገር የለም።

ከዚያ ቦታዎቹን ቆጠርኩ። 21 ናቸው። ሦስት ጊዜ ሰባት ማለት ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ እስከነ ሰባት ቤታቸው ይገባሉ፤ «መ» ላይ ስትደርስ በሩ ይዘጋል። የዚህን ጽሑፍ መደምደሚያ ያገኘሁ መሰለኝ። «ለሁሉም» የተባለው ማሽን ከፊደል ገበታችን ሦስት መስመር ብቻ ነው የሚችለው፤ አለቀ፣ ደቀቀ።

ግን መሐንዲስ ነኝና ሒሳቡን ልጨርሰው። 231 ፊደል በስምንት ባይት ሲባዛ 1,848 ባይት ነው። ባለ 48 ኪሎባይቱ ማሽን ላይ ይሄ ኢምንት ነው። ማሽኑ ደግሞ ፊደሎቹን ከየት እንደሚያነብ ራስህ ልትቀይርለት ትችላለህ፤ የሚከለክልህ የለም። ሥራው አድካሚ ይሆናል እንጂ ገበታው በሙሉ ይገባል። ማለትም ማሽኑ እኛን አያውቀንም ነበር እንጂ አልቆለፈብንም። ሁለቱ ይለያያሉ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩ ሰዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መላ ፈጥረው፣ ለእንግሊዝኛ በተሠራ ማሽን ውስጥ ፊደሉን አጭቀው አስገብተዋል። አንዱ ጋ የተጻፈ ሌላው ጋ ሲከፈት ትርምስ ነበር። ግን ቻሉ፤ የቻሉትም ማሽኑ ስለማይከለክል ነው።

ንዴቴ አልጠፋም፤ አድራሻውን ነው የቀየረው። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ነበረው። ኮምፒውተሮቹ በጨርቅ ተሸፍነው፣ በሩ ተቆልፎ፣ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ ለአራት አንድ ኮምፒውተር ተሰጥቶን፣ መምህሩ ያላዘዙትን የነካ ይወጣል። እኔ አንድ ቀን የማላውቀውን ነገር ልክፈት ብዬ ወጥቻለሁ። ኮምፒውተሮቹ ሳይበላሹ አረጁ። እነሱን ከኛ የጠበቀልን እንግሊዛዊ ኩባንያ አልነበረም፤ የራሳችን ሰው ነው። ለክፋትም አልነበረም፤ ውድ ዕቃ ስለሆነ ፈርቶ ነው። ቢሆንም ያው ነው።

አሁን ሆዴን ያባባው ምን እንደሆነ ይገባኛል። እነዚያ ሰዎች የሚናፍቃቸው ልጅነታቸው ነው፤ የነሱ ትዝታ ነው፣ ይሁንላቸው። እኔን የናፈቀኝ የተሳቡላቸው ወንበሮች ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አንድ ሰው «ንካው፣ ምንም አትሆንም» ብሏቸዋል። ኤግዚቢሽኑ ግን ይሄን ሁሉ ደግነት ለማሽኑ ሰጥቶ፣ ወንበር የሚስበውን ሰው ረሳው። ትልቁ ጉድለቱ እሱ ነው። ማሽኖቹን በጥንቃቄ አድኗል፤ ፈቃዱ ከየት እንደመጣና ለማን እንዳልደረሰ አልጠየቀም።

ልሄድ ስል የጠረጴዛው ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ ስክሪኑን እያዩ «ይሄ የየት አገር ጽሕፈት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ማሽኑ ሲጠፋ ሁሉም እንደሚጠፋ ያውቃሉና፣ ሳልጠይቃቸው ባዶ ካሴት አውጥተው ሦስቱን መስመር ቀዱልኝ። ሲቀዳ የሚጮኸውን ድምፅ በስልኬ ይዤ ለእናቴ ላክሁላት።

«ምንድን ነው ይሄ? ፋክስ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ሀ ለ ሐ ነው» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «መ የታለ ታዲያ?»