የልጅ ዐይን የት ያርፋል?

እ.ኤ.አ. በ1979 ከኩዌት ተነሥቶ የዐረቡን ዓለም ልጆች ቴሌቪዥን ፊት ያሰባሰበ አንድ ፕሮግራም ነበር፤ «ኢፍታህ ያ ሲምሲም» ይባላል። የአሜሪካው «ሰሰሚ ስትሪት» የዐረብኛ ታናሽ ወንድም ነው። ያዘጋጀው የባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋራ ያቋቋሙት፣ መቀመጫውን ኩዌት ያደረገ የፕሮግራም ማምረቻ ተቋም ሲሆን የመጀመሪያው ዙር ብቻ 130 ክፍሎች ነበሩት። የያኔዎቹ ሕፃናት ዛሬ ልጅ አሳድገው የልጅ ልጅ ወደማቀፉ የደረሱ ናቸው። ስለ ፕሮግራሙ ዝና ብዙ ተብሏል። እኔ ላደንቅ የተነሣሁት የእጅ ሥራውን ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ሥዕል አይቶ ፊደል እንዲለይ የሚያደርገውን ሙያ። ይህ ሙያ በአንድ ጥያቄ ይመዘናል፦ የልጁ ዐይን የት ያርፋል?

ከአሻንጉሊቶቹ ፊት እንጀምር። ለዐረብ ልጆች አዲስ ከተፈጠሩት ዋናው ኑዕማን ነው፤ ግመል ግመል የሚል፣ ሰው ከውስጡ ገብቶ የሚያንቀሳቅሰው ጠጉራም ግዙፍ ፍጡር። ማልሱን የተባለ ለፍላፊ በቀቀንም አለ። ከአሜሪካ የመጡት ደግሞ ስም ለውጠው አኒስ፣ በድር፣ ከዕኪ ተብለዋል። የዚህ ዓይነት አሻንጉሊት ፊት በዘፈቀደ አይሠራም። በጂም ሄንሰን ወርክሾፕ አሻንጉሊቶቹን ይሠራ የነበረው ዶን ሳህሊን ለዐይን የተለየ ጥንቃቄ ነበረው፤ የሁለቱን ዐይኖችና የአፍንጫውን አቀማመጥ እንደ አንድ ሦስት ማዕዘን ያሰላው ነበር፣ ብሌኖቹንም ወደ መካከል ጠጋ ያደርጋቸዋል። ብሌን በዐይኑ መሃል ለመሃል ሲቀመጥ ፊቱ ፈዞ ባዶ ቦታ ላይ ያፈጣል። ትንሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ ግን ያ ስፖንጅና ጨርቅ የሆነ ነገር እያየ ይመስላል። ሕፃን ደግሞ ሌላው የሚያየውን ማየት ይፈልጋል፤ ገና አፉን ሳይፈታ የእናቱን ዐይን ተከትሎ ይዞራል። ስለዚህ አሻንጉሊቱ ወደ ፊደሉ ሲያይ ልጁ ማንም «እዚህ እይ» ሳይለው አብሮት ያያል።

ቀጥሎ አፍ አለ። ያልሠለጠነ እጅ አሻንጉሊት ሲያናግር አራቱን ጣቶቹን ወደ ላይ ያነሣል፤ ራሱ በየቃሉ ወደ ኋላ ይወረወራል፣ ዐይኑም ከልጁ ፊት ይጠፋል። የባለሙያ እጅ የሚያንቀሳቅሰው አውራ ጣቱን ነው። የላይኛው መንጋጋ ጸንቶ የታችኛው ብቻ ይወርዳል፤ ሰውም የሚናገረው እንዲሁ ነው። አፉ ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል አንድ ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል። ባለሙያው እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ፣ ዐይኑን ሞኒተር ላይ ተክሎ ይሠራል፤ የሚያየው የገዛ እጁን ሳይሆን ልጁ በኋላ የሚያየውን ምስል ነው። ሥራውን ገና እየሠራ በተመልካቹ ዐይን ያያል ማለት ነው።

ለኩዌቱ ቡድን የከበደው የፊደሉ ሥራ ነበር። ከአሜሪካ የመጣ ቀልድ በዐረብኛ ድምፅ ቢሸፈን ያስኬዳል። የእንግሊዝኛ ፊደል የሚያስተምር ሥዕል ግን አይተረጎምም፤ ከሥሩ እንደገና መሣል አለበት። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ ፊደሎቹ ይያያዛሉ፤ በቃሉ ውስጥ በያዙት ቦታም መልካቸውን ይለውጣሉ። «ዐይን» የተባለችውን ፊደል ተመልከቱ። ብቻዋን ስትቆም ራሷ ክፍት ነው፣ ከሥሯም ሰፊ ጅራት አላት። በቃል መጀመሪያ ላይ ጅራቷ ይቀርና ክፍቱ ራስ ብቻ ይታያል። መካከል ስትገባ ራሷ ተዘግቶ ትንሽ ቋጠሮ ትሆናለች። መጨረሻ ላይ ቋጠሮዋ እንዳለ ሆኖ ጅራቷ ይመለሳል። ወረቀት ላይ ልጁ የሚያገኘው አራት የማይተዋወቁ ምልክቶችን ነው። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ግን አንዲቷ ፊደል ዐይኑ እያየ ጅራቷን ስትሰበስብ፣ ራሷን ስትቋጥር፣ ከጎረቤቷ ጋር ስትያያዝ ሊያሳየው ይችላል። ያኔ አራቱ ቅርጾች የአንድ አካል እንቅስቃሴ ይሆኑለታል። በእንዲህ ያለ ቦታ እንቅስቃሴው ራሱ ትምህርቱን ይሸከማል፤ ብታነሡት ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል።

የኩዌቱ ቡድን የወረሰው ጥበብ በግምት የተገኘ አልነበረም። «ሰሰሚ ስትሪት» በ1969 መጨረሻ ሥርጭት ከመጀመሩ በፊት ኤድዋርድ ፓልመር የተባለ ተመራማሪ አንድ ፈተና ነድፎ ነበር። ልጁ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ደግሞ በየጥቂት ሰከንዱ የሚለዋወጡ ባለ ቀለም ሥዕሎች በስላይድ ይታያሉ። ልጁ ዐይኑን ከፕሮግራሙ ያነሣባት እያንዳንዷ ቅጽበት ትመዘገባለች። አዋቂ ስለ ወደደው ብቻ የሚያልፍ ሥራ አልነበረም፤ ጎን ያለው ሥዕል ልጁን ከወሰደው ያ ክፍል ይታረማል ወይም ይጣላል።

በዚያው ዓመት ክረምት የሙከራ ክፍሎቹ በፊላደልፊያ ለልጆች ታዩ። አሻንጉሊቶች ሲመጡ ልጆቹ ያፈጣሉ፤ ሰዎች ብቻ የሚነጋገሩበት የመንገድ ትዕይንት ሲመጣ ልባቸው ይሄዳል። የሥነ ልቦና አማካሪዎች ልጁ እውኑንና ምናቡን እንዳያምታታ አሻንጉሊትና ሰው ተለያይተው እንዲቀረጹ መክረው ነበር። አዘጋጆቹ ግን የልጆቹን ዐይን አመኑ። ከሰው ጋር በአንድ መንገድ ላይ የሚኖሩ አንድ ግዙፍ ወፍና በቆሻሻ በርሜል ውስጥ የሚያድር አንድ ነጭናጫ ፍጡር የተወለዱት ከዚህ በኋላ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ ኑዕማንም በዐረብ ሰፈር መካከል ከሰዎች ጋር ሲኖር የዚህ ውሳኔ ወራሽ ሆኖ ነው።

ከእነዚህ ጥናቶች የተገኘ ሌላም ትምህርት አለ። አሻንጉሊቱ ከላይ እየቀለደ ፊደሉ ከታች ሲጻፍ የልጁ ዐይን ከላይ ይቀራል፤ ሳቁ ሲያልቅ ፊደሉም አልፏል። ፊደሉ ከመካከል ሆኖ ነገሩ ሁሉ በፊደሉ ላይ ሲደርስ ግን ዐይን ሌላ መሄጃ የለውም። ሁለቱም ሥዕሎች እኩል ያስቁ ይሆናል፤ የሚያስተምረው ግን አንደኛው ብቻ ነው።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ዝምታውን ነው። ተዋናዩ ጄምስ ኧርል ጆንስ ለሙከራ በተቀረጸ አጭር ክፍል የእንግሊዝኛን ፊደላት ይጠራል። ፊደሉ ከራሱ አጠገብ ብቅ ይላል፤ ሰውየው ዝም ይላል፤ ከዚያ በጎርናና ድምፁ ስሙን ይጠራል፤ ደግሞም ዝም ይላል። መጀመሪያ ላይ ልጆች ተከትለውት ይላሉ። ሲደጋገምላቸው ፊደሉ ብቅ እንዳለ ቀድመውት ይጠራሉ። በመጨረሻም ፊደሉ ገና ሳይወጣ ስሙን ያውቁታል። የዚያ ክፍል ጥበብ ሁሉ ያለው በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። ክፍተቷ ባትኖር ልጁ አድማጭ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ስላለች ግን መላሽ ሆነ።

ኩዌቶቹ የራሳቸውን ብልሃት ያሳዩት በቋንቋው ላይ ነው። ከሞሮኮ እስከ ኩዌት የሰፈሩ ዐረብኛ ይለያያል፤ ስለዚህ በየትኛውም ቤት እንዲገባ ቀለል ያለውን የጽሑፍ ዐረብኛ መረጡ። ይህ ማለት ልጁ እናቱ በማትናገርበት ቋንቋ ይማራል ማለት ነው። ሸክሙን የተቀበለው ምስሉ ነው። ቃሉ በተሰማበት ቅጽበት ነገሩ በዐይን ፊት ካለ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ኮሜኒዩስ የተባለው መምህር በ1658 ኑረምበርግ ላይ ባሳተመው የልጆች ባለ ሥዕል መጽሐፍ ላቲንን ያስያዘው በዚሁ መንገድ ነበር፤ በሥዕሉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ነገር ቁጥር ይሰጣል፣ በጽሑፉም ከቃሉ አጠገብ ያንኑ ቁጥር ያስቀምጣል። ዐረብኛ ሳታውቅ ኩዌት የገባች እኅታችንም ይህን ሳይነግሯት ታውቀዋለች፤ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ያስተማራት እጇ ላይ የነበረው ዕቃ ነው።

ፕሮግራሙ በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር ተቋረጠ። በ2015 በአቡዳቢ እንደገና ተጀመረ፤ ኑዕማንም ከአዲስ ትውልድ ጋር ተዋወቀ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ባዕድ ሙያ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዐይኖቹ ይሥሉታል፤ ኃጥኡን በጎን አዙረው አንድ ዐይን ብቻ ያሳዩታል። ማንበብ የማይችል ምእመን ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ገና ከበሩ ሲገባ ይለያል። ሥዕሉ ውስጥ ይህን ያህል ጥብቅ ሕግ ያስገባ ሰው ጌጥ ብቻ አልፈለገም፤ የሚያነብ ዐይን እያዘጋጀ ነበር።

የፊደል ገበታውም እንዲሁ። የኔታ ፊት የተቀመጠ ልጅ በስንጥር እየነካ ሀ ሁ ሂ ሃ ይላል። አደጋው የታወቀ ነው፤ ዜማው ሲለመድ አፍ ይሮጣል፣ ዐይን ይተኛል። መድኃኒቱንም አባቶች ያውቁት ነበር፤ አቡጊዳ። አ ከተባለ በኋላ ቡ፣ ከዚያ ጊ፣ ከዚያ ዳ ይመጣል፤ ፊደሉም ቅርጹም በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ። በዜማ ያመለጠ ልጅ እዚህ ይያዛል፤ ማለፍ የሚችለው እያንዳንዱን ቅርጽ በትክክል ያየ ብቻ ነው። ፓልመር በስላይድ የፈተነውን የልጅ ዐይን እኛ በገበታ ስንፈትነው ኖረናል።

በዘመናችን ይህን መንገድ በቴሌቪዥን የያዘችው የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ናት። ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር የሠራችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በ2008 የጃፓን ሽልማትን አገኘ። ፀሐይ ቀጭኔ ናት፤ የመጀመሪያዎቹ አሻንጉሊቶች የተሠሩት ከካልሲ ነው። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ሥራ የተለየ ዕድል ይሰጣል። «ቡና» ሲባል አፍ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፣ የሚጻፈውም በሁለት ፊደል ነው፤ «በሬ»ም እንዲሁ። «ሙዝ» ላይ አፍ አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍቶ በሳድሱ ይዘጋል። አሻንጉሊቷ አፏን በከፈተች ቁጥር አንድ ፊደል ቢወጣ፣ በሳድሱም ላይ አፏ ሲዘጋ ፊደሉ ቢታይ፣ ልጁ የድምፁንና የጽሑፉን ዝምድና በዐይኑ ያየዋል። ይህን ዕድል ሙሉ በሙሉ የሚጠቀም ሥራ ከአኒሜሽን ባለሙያዎቻችን እጠብቃለሁ።

ለክፍላችሁ ሥዕል የምትመርጡ መምህራንም ከዚህ የምትወስዱት አለ። አንድ ሥዕል፣ አንድ ፊደል ይበቃል፤ ጥጉን የሚሞላው አበባና ቢራቢሮ የልጁን ዐይን ስለሚሰርቅ አንሡት። ፊደሉን ከሥዕሉ ሥር አታስቀምጡ፤ ነገሩ ከሚሆንበት ቦታ አስገቡት። ዛፉ ላይ ያለች ወፍ ወዴት እንደምታይ ተመልከቱ፤ ከፊደሉ ተቃራኒ ካየች ልጆቹም ይከተሏታል። ሥዕሉን ስታሳዩ መልሱን ለመናገር አትቸኩሉ፤ አሳዩ፣ ዝም በሉ፣ ጠብቁ። ሲለምዱትም ቅደም ተከተሉን አፍርሱት።

ኑዕማንን የሠሩት ሰዎች ያወረሱን ትልቁ ነገር ዳኝነቱን ለልጁ መስጠታቸው ነው። ሥዕሉን ማን ሣለው፣ ምን ያህል አማረ፣ ምን ያህል ወጣበት የሚለው ሁሉ ከልጁ ዐይን በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ፊደሉ ላይ ካረፈ ሥራው ሠምሯል። ካላረፈ ደግሞ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ሠሪው ተመልሶ ብሌኑን ያስተካክል፣ ፊደሉን ያንቀሳቅስ፣ ዝምታውን ያርዝም።