የእሳት ትዝታ ባለቤት፦ ከቫሊ ፓሬድ እስከ አል ባርሻ

ሜይ 11 ቀን 1985 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 3 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የእንግሊዙ እግር ኳስ ክለብ ብራድፎርድ ሲቲ የሦስተኛ ዲቪዚዮን ዋንጫውን ተረክቦ ከሊንከን ሲቲ ጋር የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ለማድረግ በቫሊ ፓሬድ ስታዲየም ሜዳ ገባ። ተመልካቹ ከ11 ሺህ በላይ ነበር። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከጥላ ፎቁ ወለል ሥር ጭስ ታየ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከእንጨት የተሠራው መቀመጫና ጣሪያ ከዳር እስከ ዳር ነደደ። 56 ሰዎች ሞቱ፣ ከ250 በላይ ቆሰሉ። ለእኛ 1977 የረሃብ ዓመት ነው። የላይቭ ኤድ ኮንሰርት በዌምብሌይ ስታዲየም ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ገንዘብ ሲያሰባስብ የብራድፎርድ ሟቾች አርባ ከወጣ ገና አንድ ወር አልሞላም። ሁለቱን ሐዘኖች አንድ ላይ ያነሳ የአማርኛ ጽሑፍ ያስፈልገን ነበር እላለሁ፤ የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የደህንነት ደንብ ሟቾቹን በስም የሚያስብ ባለቤት ካጣ፣ ሊጠብቃቸው የወጣላቸው ሰዎች ራሳቸው እንደ ቅጣት ይቀበሉታል። በብራድፎርድ ያ ባለቤት ደጋፊው ሆኗል። በዱባይ አል ባርሻ የሚኖረው ስደተኛ ግን እስካሁን ደንቡ ብቻ ነው የደረሰው።

የቫሊ ፓሬድ እሳት ማንም ያላየው አደጋ አልነበረም። በሳንቃዎቹ ክፍተት ለዓመታት የወደቀ ቆሻሻ ከወለሉ ሥር ተከምሮ ነበር፤ ከቃጠሎው በኋላ የ1968 እ.ኤ.አ. ጋዜጣና እንግሊዝ በ1971 የገንዘብ ሥርዓቷን ከመቀየሯ በፊት የተሸጠ የኦቾሎኒ መጠቅለያ ተገኝቷል። የካውንቲው ምክር ቤት በ1984 ለክለቡ በጻፈው ደብዳቤ በግዴለሽነት የተጣለ ሲጋራ እሳት ሊያስነሳ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ለጥገናው የተገዛው ብረት ቀርቦ፣ ሥራው ከዚያ ጨዋታ በኋላ ሊጀመር ነበር። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው የሕጉ ነገር ነው። በ1971 ግላስጎው ውስጥ በአይብሮክስ ስታዲየም 66 ሰዎች ተረጋግጠው ከሞቱ በኋላ የስታዲየም ደህንነት ሕግ በ1975 ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን የታችኛው ዲቪዚዮን ሜዳዎች አልተካተቱበትም። ብራድፎርድ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን በማደጉ ሕጉ ሊደርስለት የቀሩት ጥቂት ወራት ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የጠፋው ሕግ አልነበረም፤ ሕጉ ደሃ ክለብ የሚደግፉትን ሰዎች አልቆጠራቸውም። በ1987 ፍርድ ቤት ከኃላፊነቱ ሁለት ሦስተኛውን በክለቡ፣ አንድ ሦስተኛውን በምክር ቤቱ ላይ አደረገ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የደጋፊዎቹ ሥራ ነው። በየዓመቱ ሜይ 11 በከተማው መሃል ባለው ሴንተነሪ አደባባይ፣ የጀርመኗ እህት ከተማ ሃም ባበረከተችው የመታሰቢያ ሐውልት ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ከእሳቱ በኋላ በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ዴቪድ ሻርፕ አነሳሽነት በብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለተቋቋመው የቃጠሎ ሕክምና ምርምር ማዕከልም ደጋፊው ዛሬ ድረስ ገንዘብ ያዋጣል። ይህ ከእድር ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው፤ እድር የሚያለቅሰው መዝገብና መዋጮ ይዞ ነውና። ይህን ትዝታ ግን ዝምታ በዝቶበታል ብለው የሚነቅፉት አሉ። በ12 ዓመቱ አባቱን፣ ታናሽ ወንድሙን፣ አጎቱንና አያቱን በአንድ ቀን ያጣው ማርቲን ፍሌቸር በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ ምርመራው ችኩልና ጎደሎ እንደነበር ተከራክሯል፤ ምርመራውን የመሩት ዳኛ ፖፕልዌል ግን እሳቱ ድንገተኛ ነው ከሚለው ድምዳሜያቸው አልተነቃነቁም። የእሳቱን መነሻ በተመለከተ እኔ ፍሌቸርን ለመከተል በቂ ማስረጃ አላየሁም። ጥያቄውን ማንሳቱ ግን የመታሰቢያው ጠላት አያደርገውም። ከ30 ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰሚ ሊያገኝ የቻለው ደጋፊው ሟቾቹን በየዓመቱ ሲያስብ ስለኖረ ነው።

አሁን ወደ ዱባይ እንምጣ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023፣ ለክርስቲያኑ ሐበሻ ቀዳም ሹር፣ ለሙስሊሙ የረመዳን መጨረሻ ሳምንት፣ በዴራ አል ራስ ሰፈር አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ተቃጥሎ 16 ሰዎች ሞቱ። የዱባይ ሲቪል መከላከያ በመጀመሪያ ምርመራው ሕንፃው የደህንነት መስፈርቶችን አለማሟላቱን ገለጸ። በጁን 2025 ደግሞ የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ያለፈቃድ በፓርቲሽን የተከፋፈሉ ክፍሎችን ለማስወገድ ዘመቻ ሲጀምር አል ባርሻ ከተጠቀሱት ሰፈሮች አንዱ ነበር፤ ምክንያቱም የእሳት አደጋ ነው። ምክንያቱ ትክክል ነው፤ ሳንቃና የተዘጋ መውጫ አንድ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ከቫሊ ፓሬድ የተሻለ የሚመሰክር የለም። ሆኖም ደንቡ ቤድ ስፔስ፣ ማለትም የአልጋ ቦታ ብቻ፣ ተከራይቶ ለሚያድር ሠራተኛ የሚደርሰው ዕቃህን አውጣ በሚል ቃል ነው። ከኢትዮጵያ ስታዲየሞች ጋር በተያያዘም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። ካፍ ሜዳዎቻችን መስፈርት አያሟሉም ብሎ ሲያግድ፣ ዋልያዎቹ በጁን 2022 ግብፅን በሜዳቸው ስም ሊሎንግዌ ላይ 2 ለ 0 ሲያሸንፉ፣ በአብዛኛው ያወራነው ስለ አገር ክብርና ስለ ስደት ነው። የመውጫ በር ስፋትና የመቀመጫ ቁጥር ከማን ሞት እንደመጣ የሚያውቅ ደጋፊ ቢኖረን፣ እገዳውን እንደ ስድብ ከመቁጠር አልፎ የገዛ ሕይወቱ ጉዳይ አድርጎ ይከራከርበት ነበር።

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ብራድፎርድ ከተማ ነው፤ አባት የልጁን እጅ ይዞ የሚሄድበት ሜዳ አለው። አል ባርሻ ግን ቪዛ ሲያበቃ የሚለቀቅ ሰፈር ነው፤ ሟቹም አስከሬኑ አገሩ ይሄዳል፣ ተዝካሩም እዚያው ይወጣል። በዚያ ላይ ኤምሬትስ ከተከታታይ የሕንፃ ቃጠሎዎች በኋላ የእሳት ደህንነት ደንቧን ያለ ደጋፊ ልቅሶ አጥብቃለች። የመጨረሻውን እቀበላለሁ፤ መንግሥት ያለ መታሰቢያም ደንብ ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን የ1975ቱ የእንግሊዝ ሕግም ወጥቶ ነበር፤ ማን እንደቀረበት የታወቀው ከተቃጠለ በኋላ ነው። በፓርቲሽን ውስጥ ማን እንደሚያድር፣ ከዚያ ሲወጣ ደህና መኝታ በአቅሙ ማግኘት አለማግኘቱን የሚያውቀው አብሮት የሚኖረው ሰው ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የኢትዮጵያ ቡና ወይም የአርሰናል ደጋፊነት ደግሞ ከቪዛ ጋር አያበቃም፤ ሻርጃ የነበረው አጅማን ቢሄድም፣ አገሩ ቢመለስም ማልያው ያው ነው። መታሰቢያ የአገሬው ብቻ ነው የሚለውን ደግሞ የብራድፎርድ መዝገብ ራሱ ይቃወመዋል። ከ56ቱ ሟቾች ሁለቱ ቡድናቸውን ተከትለው የመጡ የሊንከን እንግዶች ነበሩ። ብራድፎርድ ዛሬም 56 እንጂ 54 አይልም፤ ሊንከን ሲቲም ከሜዳው መቀመጫዎች አንዱን ክፍል በሁለቱ ስም ስቴሲ ዌስት ብሎ ሰይሞታል።