የእንግሊዝኛ ሰዋስውና ንባብ በቻይና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፤ የፈተና ዝግጅቱ ሲመረመር

በቻይና «ጋዎካዎ» የሚባለው የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና በባህል አብዮት ዘመን ተቋርጦ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1977 እንደገና መሰጠት ጀመረ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2025 ለፈተናው የተመዘገቡት 13.35 ሚሊዮን ነበሩ፡፡ በአብዛኞቹ ክፍላተ ሀገር ከጠቅላላው 750 ነጥብ እንግሊዝኛ 150 ይይዛል፤ ይኸውም ከቻይንኛና ከሒሳብ ጋር እኩል ነው፡፡ የኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንግሊዝኛን በሌሎቹም ትምህርቶች ውስጥ ያገኘዋል፡፡ የቻይናው ተማሪ፣ በተለይም በገጠር አውራጃ የሚማረው፣ ቋንቋውን ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ውጭ እምብዛም አያገኘውም፡፡ ስለሆነም ዝግጅቱ ከተበላሸ ሌላ የሚያቃናው ነገር የለም፡፡

ለጉድለቱ በቅድሚያ የሚወቀሱት የፈተናው አዘጋጆች ሊሆኑ አይገባም፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የተሞከረው አዲስ የእንግሊዝኛ ፈተና ዓላማው ትምህርቱን ሕግ ከመሸምደድ አውጥቶ በቋንቋው ወደ መጠቀም መምራት ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2007 በዚያው ክፍለ ሀገር፣ በ2014 ደግሞ በብሔራዊው ፈተና፣ ዐረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ተነጥለው የሚቀርቡበት የሰዋስው ምርጫ ጥያቄ ቀርቶ አሥር ባዶ ቦታዎች ያሉት አንድ ምንባብ ተተካ፡፡ አሁን በብዙ ክፍላተ ሀገር በሚሰጠው ወረቀት ይህ ክፍል 15 ነጥብ፣ አንብቦ መረዳት ደግሞ 50 ነጥብ አለው፡፡ ሰዋስው በምንባብ ውስጥ እንዲጠየቅ የተደረገው ተማሪው እያነበበ እንዲያስብ ታስቦ ነው፡፡

የክፍሉ ሥራ ግን ከዚህ ዓላማ ርቆ ይገኛል፡፡ በመላ አገሪቱ ከታወቁት የመለማመጃ መጻሕፍት አንዱ «የአምስት ዓመት ጋዎካዎ፣ የሦስት ዓመት ሙከራ» ይባላል፡፡ ያለፉትን ፈተናዎች ጥያቄዎች በየርዕሱ ለይቶ ያቀርባል፤ ርዕሱ ራሱ ሥርዓተ ትምህርት ሆኗል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፡፡ በእንዲህ ዓይነት ዝግጅት ተማሪው የሚለማመደው ባዶ ቦታውን ከግራና ከቀኝ መመርመርን ነው፡፡ በቅንፍ ግሥ ከተሰጠ፣ በዐረፍተ ነገሩ ሌላ ዋና ግሥ መኖር አለመኖሩን ያያል፤ ከሌለ ጊዜውንና አድራጊ ወይም ተደራጊ መሆኑን ይወስናል፡፡ ምንም ቃል ካልተሰጠ፣ መስተዋድድ ወይም መስተፃምር ይሞክራል፡፡ ዘዴው በራሱ ስሕተት የለበትም፤ እንዲያውም ጥሩ ትንተና ነው፡፡ ነገር ግን አሥሩንም ባዶ ቦታ በትክክል ሞልቶ ምንባቡ ስለምን እንደሚናገር መግለጽ የማይችል ተማሪ ይፈጠራል፡፡ የግሡን ጊዜ የሚወስነው ከሦስት ዐረፍተ ነገር በፊት የተጠቀሰ ነገር በሆነ ጊዜ ደግሞ፣ ግራና ቀኝ ብቻ ማየት የለመደው ተማሪ ይወድቃል፡፡

ከዚህ ተነሥተው ሰዋስው ይቅር የሚሉ አሉ፤ ይህም አያስኬድም፡፡ የቻይንኛ ግሥ በጊዜም ሆነ በባለቤት ቅርጹን አይለውጥም፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛ ግሥ አረባብ ለቻይናው ተማሪ ፍጹም አዲስ ነገር ነው፡፡ ከዚህ የሚከብደው የገላጭ ሐረግ ጉዳይ ነው፡፡ ቻይንኛ ልክ እንደ አማርኛ «ትናንት የመጣው ልጅ» ይላል፤ ገላጩ ይቀድማል፣ ስሙ ይከተላል፡፡ እንግሊዝኛ ግን «ልጁ» ካለ በኋላ ገላጩን ያስከትላል፤ ገላጩ ሲረዝምም ባለቤቱና ዋናው ግሥ ይራራቃሉ፡፡ የኢትዮጵያ መምህራን ይህን ችግር ከራሳቸው ተማሪዎች ያውቁታል፡፡ ተማሪው ምንባብ ሲያነብ የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ ቃል ጠፍቶበት ሳይሆን ዋናውን ግሥ ስለሚያጣው ነው፡፡ ሰዋስውና ንባብ አንድ ሥራ የሚሆኑት እዚህ ላይ ሲሆን፣ ዝግጅቱ ግን ሁለቱን በተለያየ ክፍለ ጊዜ ለያይቶ ያስተምራቸዋል፡፡

በንባቡ በኩል የሚሰጠው ምክር ደግሞ ይበልጥ የሳሳ ነው፡፡ ጥያቄውን አስቀድመህ አንብብ፣ ቁልፍ ቃሉን በምንባቡ ውስጥ ፈልግ፣ «ሁልጊዜ» ወይም «ብቻ» የሚል አማራጭ ተጠራጠር ይባላል፡፡ ይህ ቀንና ቁጥር ለሚጠይቅ ጥያቄ ይጠቅማል፡፡ የደራሲውን አቋም ለሚጠይቅ፣ ወይም የጎደሉትን አምስት ዐረፍተ ነገሮች ከሰባት አማራጮች መርጦ ወደ ቦታቸው መመለስን ለሚሻ ጥያቄ ግን አይረዳም፡፡

ቺ ሉሽያ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ ፈተናው በማስተማሩ ላይ እንዲያመጣ የታሰበው ለውጥ አለመምጣቱን አሳይተዋል፤ ምክንያቱም ውጤት የዕጣ ፈንታ መወሰኛ በሆነበት ቦታ መምህሩም ተማሪውም የሚይዙት የፈተናውን ቅርጽ ነው፡፡ ለመምህሩ በዚህ መፍረድ ቀላል አይደለም፡፡ ቻይናውያን «የጥያቄ ባሕር» የሚሉት ይህ ስልት፣ የግል አስጠኚ ለሌለው የገበሬ ልጅ ርካሹና ቅርቡ መሣሪያ ነው፡፡ ሊነቀፍ የሚገባው የጊዜው አመዳደብ ነው፡፡ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሦስቱን ዓመት ትምህርት በሁለት ዓመት አጣድፈው ጨርሰው ሦስተኛውን ዓመት በሙሉ ለክለሳ ያውሉታል፡፡ በዚህ ዓመት ውስጥ በአንድ ክፍለ ጊዜ አራት ምንባብ ከማረም ይልቅ አንዱን ይዞ መዋል ይቻላል፤ ተማሪው ምንባቡን እስከ መጨረሻው አንብቦ ፍሬ ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገር፣ ረጅሙን ዐረፍተ ነገር ባለቤቱንና ዋናውን ግሥ ለይቶ ይፍታ፣ ከዚያ ባዶ ቦታውን ሞልቶ ምክንያቱን ከምንባቡ ውስጥ ያሳይ፡፡ ለዚህ አዲስ መጽሐፍም ሆነ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም፤ ያው የመለማመጃ ወረቀት ይበቃል፡፡

እ.ኤ.አ. በ2016 በጄጂያንግ ክፍለ ሀገር የተጀመረውና ኋላ ወደ ሌሎች የተዛመተው ጥያቄ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው፡፡ ተማሪው ያልተቋጨ ታሪክ አንብቦ፣ የመነሻ ዐረፍተ ነገር የተሰጣቸውን ሁለት አንቀጾች ጽፎ ይጨርሳል፤ ዋጋውም 25 ነጥብ ነው፡፡ እዚህም ስለ ፀሐይ መጥለቅና ስለ እንባ የተዘጋጁ ያማሩ ዐረፍተ ነገሮችን ማስጠናት ተጀምሯል፡፡ ታሪኩ በጠዋት ገበያ ውስጥ የሚካሄድ ሆኖ ሳለ፣ በተማሪው መጨረሻ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ይታያል፡፡