ተራ የሌለው መክፈቻ

ጅቡቲ ከተማ ላይ የጠረጴዛ ጨዋታ የሚመራ ሰው ረጅም ታሪክ ማቀድ አይችልም። በሌላ አገር አንድ ቡድን በየሳምንቱ እየተገናኘ ያንኑ ታሪክ ዓመት ሙሉ ይቀጥላል። እዚህ ግን ሐሙስ ማታ አጠገብህ የተቀመጠው ሹፌር በሚቀጥለው ሐሙስ ሚሌን አልፎ አዋሽ ይሆናል። ፒኬ 12 በሚባለው ሰፈር ተሳቢውን አቁሞ ጭነት የሚጠብቅ ሰው ስልክ ሲደወልለት ይነሣል፤ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የምትወጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው፤ የውጭ አገር ፕሮሰስ የሚጠብቀውም ሲሳካለት ይሄዳል። የወደብ ከተማ ኑሮ ይኸው ነው። ስለዚህ እዚህ የምመራው ጨዋታ ሁሉ የማይተዋወቁ ሰዎች ተቀምጠው በአንድ ማታ ጀምረው በአንድ ማታ የሚጨርሱት ነው። እንዲህ ያለውን ጨዋታ መምራት ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው በትልልቆቹ የተጫዋቾች ጉባኤዎች ነውና የእነርሱን አሠራር አጥብቄ የያዝኩት ለዚህ ነው።

ጨዋታውን ጅቡቲዎች በፈረንሳይኛ ጄ ደ ሮል ይሉታል። አንዱ መሪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይቀመጣሉ። መሪው የሚታየውንና የሚሰማውን ይናገራል፣ ከዚያ «ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ተጫዋቿ የተናገረችው ይሆናል፤ መሆኑ ካጠራጠረ ዳይስ ይጣላል። ልጅ ሆኖ ዕቃ ዕቃ የተጫወተ ሁሉ መሠረቱን ያውቀዋል።

የጉባኤዎቹ ሁሉ ታላቅ የሚባለው ጄን ኮን ነው። ጌሪ ጋይጋክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ዊስኮንሲን ውስጥ በምትገኘው ሌክ ጄኒቫ አዳራሽ ተከራይቶ ሲጀምረው የመጣው ሰው መቶ ያህል ነበር፤ ዛሬ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ከ70,000 በላይ ሰው ይሰበሰብበታል። እዚያ አንድ ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ አራት ሰዓት ይሰጠዋል። ተጫዋቾቹ አይተዋወቁም፤ ገጸ ባሕርያቱ ቀድመው ተጽፈው ይቀርባሉ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ቀጣዮቹ መጥተው ወንበሩን ይረከባሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ባልቲሞር ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ኦሪጅንስ ጉባኤ ጋይጋክስ «ቱም ኦቭ ሆረርስ» የተባለውን ጨዋታ ለውድድር አቅርቦ ነበር፤ ወጥመድ የሞላበት መቃብር ውስጥ የሚገባ ቡድን ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ የሚታይበት ነው። ያ ዓይነት አዘገጃጀት ጨዋታን በአንድ መቀመጫ መጨረስ እንደሚቻል አሳይቷል። ነገር ግን ክፉ ልማድም ትቷል ባይ ነኝ፤ ምሥጢሩን ሁሉ መሪው ይይዘዋል፣ የተጫዋቹ ሥራ መሪው ልብ ውስጥ ያለውን መገመት ብቻ ይሆናል። የማይተዋወቁ ሰዎች እንዲህ ሲቀመጡ ሁሉም ወደ መሪው ያያል እንጂ እርስ በርሱ አይተያይም።

እኔ የማዘጋጀው ታሪክ ሳይሆን የጋራ ጭንቅ ነው። ብዙ ጊዜ የምመራው ጨዋታ የሚካሄደው በቀድሞው ባቡር ላይ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው፣ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ ድሬዳዋን ከሜዳ ላይ ከተማ ያደረገው ያ ባቡር ነው። በእኔ ጨዋታ ሌሊት ሆልሆል ድልድይ ላይ ይቆማል። በፖስታ ፉርጎው ውስጥ የነበረ አንድ ሣጥን የለም። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ትኬት ቆራጩ፣ ከድሬዳዋ የመጣች ኮንትሮባንድ ነጋዴ፣ የኢሳ ሽማግሌ፣ ፈረንሳዊ የሐዲድ መሐንዲስ፣ ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ እናትና አንድ የፉርጎ ጠባቂ ልጅ አሉ። የእያንዳንዳቸው ወረቀት ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ምን ትፈልጋለህ፣ የማን ዕዳ አለብህ፣ ምን ትደብቃለህ። ሣጥኑ የት እንዳለ አልጻፍኩም። እኔም አላውቅም፤ የሚታወቀው በጠረጴዛው ላይ በሚባለው ነው።

ወረቀቶቹ ከታደሉ በኋላ ያለችው ሩብ ሰዓት ናት የማታውን ጨዋታ የምትወስነው፤ እዚያች ላይ የምሠራውን የወሰድኩት ከአገራችን ሰንጠረዥ ነው። የፈረንጁን ቼዝ ነጭና ጥቁር ተራ ጠብቀው ይጀምሩታል። የእኛው መክፈቻ ወረራ ይባላል። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ጠጠሮቹን ያሰልፋል፤ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ያሰለፈውን መልሶ ይለውጣል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን ያየው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ይወዱ እንደነበር ጽፏል። ወረራው ላይ ሁለቱ ሰዎች የሚጠናኑት ጠጠር ከመበላቱ በፊት ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎችን የሚያገናኝ መሪም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ «ባቡሩ ቆመ፤ መብራት የለም» እላለሁ፣ ከዚያ ዝም። ማንንም አልጠይቅም። መጀመሪያ ሁሉም እኔን ያያል። እኔ ወረቀቴን አያለሁ። አንዱ «ክብሪት ያለው አለ?» ይላል፤ ሌላዋ ትመልሳለች፤ ወዲያው ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። ከእኔ የሚፈልጉት ነገር ካለ ባጭሩ እመልሳለሁ እንጂ ወሬውን አልቆርጥም። ማን ለማን እንደተናገረ፣ ማን እንዳልተናገረ፣ ማን ድምፁን ዝቅ እንዳደረገ እጽፋለሁ። ይህ ጫጫታ ለጀማሪ መሪ ያስፈራል፤ እጁን አንሥቶ «ቆይ፣ ቆይ፣ ተራ በተራ» ሊል ይፈልጋል። አይበል። አንዱ ሌላውን በግልጽ እስኪያግደው ድረስ ይታገሥ። «አይሆንም፣ አትከፍተውም» የሚል ቃል ሲሰማ የመጀመሪያው ጠጠር ተበላ ማለት ነው። ያን ጊዜ ተራ እጀምራለሁ፤ የምጀምረውም ከከለከለው ሳይሆን ከተከለከለው ሰው ነው።

የዚህ ጨዋታ ዘር ራሱ የበቀለው ከእንዲህ ያለ ጫጫታ መሆኑ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሚኒሶታ ውስጥ ዴቪድ ዌስሊ የናፖሊዮን ዘመን የጦርነት ጨዋታ አዘጋጀ፤ ቦታው ብራውንስታይን የምትባል ምናባዊ የጀርመን ከተማ ነበረች። ከጠበቀው በላይ ብዙ ሰው መጣበት። ለትርፉ ሰው ጦር ስላልነበረው አንዱን ከንቲባ፣ አንዱን የባንክ ባለቤት፣ ሌላውን የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ አደረገና አንድ በአንድ ሌላ ክፍል እየጠራ ሊያነጋግራቸው አሰበ። ተራቸውን የሚጠብቁት ግን እርሱ በሌለበት እርስ በርስ መዶለት ጀመሩ። ዌስሊ ጨዋታው ተበላሸ ብሎ አዘነ፤ ተጫዋቾቹ ድገመን አሉት። ከእነርሱ አንዱ ዴቭ አርነሰን ነበር፤ እርሱ ከጋይጋክስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን አወጣ። ዌስሊ ተበላሸ ያለው ክፍል ነው የሚሊዮኖች ጨዋታ የሆነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሰዎቹ በመሪው በኩል ሳያልፉ ሲነጋገሩ ጨዋታው ይነሣል።

ተራ ከተጀመረ በኋላ ትልቁ ሥራ ክርክር ነው። ሰው ከሰው ሲጋጭ ዳይስ አላስጥልም። ዳይሱ የሚጣለው ድልድዩ ይችል እንደሆነ፣ ነፋሱ ፋኖሱን ያጠፋ እንደሆነ ለመሳሰለው ነው፤ በሰው ጉዳይ ግን በልሃ ልበልሃ አለን። የድሮው ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው፣ ዋስ ጠርተው፣ በማር ወይም በፈረስ ተወራርደው በአንደበት የሚተናነቁበት ነበር፤ መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎችም የሚያልፈውን መንገደኛ ዳኛ ያደርጉ ነበር። እኔ ያን መንገደኛ ከተመልካቹ እመርጣለሁ። በጅቡቲ ሰገነት ላይ ማታ ቀዝቀዝ ሲል የሚጫወት ሰው ተመልካች አያጣም፤ ጎረቤቱም ይወጣል፣ የቤቱ ልጆችም ይመጣሉ። ወንበር ያልደረሰውን ሰው «ከሦስተኛው ፉርጎ የመጣህ መንገደኛ ነህ፣ ፍረድ» እለዋለሁ። ወረቀት ስለሌለው የሚደብቀው የለም፤ ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ያምኑታል።

አንድ ማታ የፉርጎ ጠባቂውን ልጅ ወረቀት የያዘው ወጣት ሣጥኑን አግኝቶ ደብቆታል ተብሎ ተከሰሰ። ነጋዴዋን የምትጫወተው ምግብ ቤት ያላት ትልቅ ሴት ነበረች፤ ሁሉም እትዬ ነው የሚላት፤ በዚያ ባቡር ብዙ የተመላለሰች ናት። ክርክሩ ሲከር ከወንበሯ ተነሣች። «ልጁን ተዉት። ድሬዳዋ ላይ ፍተሻ አለ። ሣጥኑ ተከፍቶ ለየሰዉ ይከፋፈል፤ አንዱ በመቀነቱ፣ አንዱ በጫማው፣ ሽማግሌው በኮታቸው ሥር። ሁሉም የያዘውን ሌባ አይሉትም» አለች። መሐንዲሱን የሚጫወተው ሹፌር «እትዬ፣ እኔ የመንግሥት ሰው ነኝ እኮ!» አለ። «አንተ ደግሞ ትልቁን ያዝ፣ አንተን ማን ይፈትሻል?» አለችው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጥፋቱ የሁሉም ሆነ፤ ጨዋታውም ሌባ መፈለግ ቀርቶ እርስ በርስ መተማመን ሆነ። ያን መንገድ እኔ ልጽፈው አልችልም ነበር። እርሷ ኖራበታለች።

ስለ ቋንቋ ያለኝ ሥርዓት አጭር ነው። ሶማሊኛ የሚቀናው ተጫዋች ባቡሩም ላይ ሶማሊኛ ይናገራል፤ ፈረንሳይኛ የሚቀናውም እንዲሁ። ያልገባው ሰው አስተርጓሚ ይፈልግ። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች ሁለቱንም ስለሚሰሙ ትልልቆቹ ሁሉ ወደ እነርሱ ዞረው «ምን አለ?» ይላሉ፤ ዝምተኛ የነበረች ልጅ በአንድ አፍታ የማታውን ጨዋታ ትይዘዋለች።

ስለ ባሕር ግን ምንም ጨዋታ አልመራም። ከኦቦክ ተነሥተው ወደ የመን የሚሻገሩ ጀልባዎች አሉ፤ በዚህ ከተማ ካለ ኢትዮጵያዊ መካከል በዚያ መንገድ የሄደ ወንድም ወይም ጓደኛ የሌለው ጥቂት ነው፤ አንዳንዱም ወሬው ጠፍቶበታል። እንዲህ ላለው ሕመም በጉባኤዎች ላይ ጆን ስታቭሮፑሎስ ያስለመደው ኤክስ ካርድ የሚባል ነገር አለ፤ ጠረጴዛው መካከል የሚቀመጥ፣ ማንም ምክንያቱን ሳይናገር ቢነካው ወሬው የሚለወጥበት ካርድ ነው። እኔም አስቀምጣለሁ፤ በጣም ጠቃሚ ነገር ነው። ግን ሰዋችን በሰው ፊት እጁን ዘርግቶ «ይህ ያመኛል» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ሻይ ሳቀርብ ለእያንዳንዱ ጎንበስ ብዬ «ዛሬ እንዳይነሣ የምትፈልጉት ነገር አለ?» እላለሁ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የሚናገር ሰው ካለ ከወረቀቶቹ አንዱን ቀስ ብዬ አነሣና ሌላ እተካለሁ፤ ለምን እንደተነሣ የሚያውቀው እርሱና እኔ ብቻ ነን።

የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት የሰንጠረዥ ሰው አስተምሮኛል። በአገራችን አጨዋወት ንጉሥን በትልቅ ጠጠር መያዝ ያን ያህል አያስመሰግንም፤ በትንሾቹ የያዘ ነው የሚሞገሰው። እኔም ወደ ፍርዱ ስንቃረብ መሐንዲሱንና ነጋዴዋን ትቼ እናቲቱንና የፉርጎ ጠባቂውን አስቀድማለሁ። በዚያች ግማሽ ሰዓት አዲስ ሰው፣ አዲስ ዕቃ፣ አዲስ ድምፅ አላስገባም። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀርባለሁ፤ ድሬዳዋ ስትወርድ የት ትሄዳለህ? መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የተባለውን በወረቀቱ ጀርባ፣ በተባለበት ቋንቋ እጽፈዋለሁ። በሌላ ማታ ያንን ወረቀት የሚያነሣ ሰው ከእርሱ በፊት የነበሩትን መልሶች አንብቦ ይጀምራል። ትኬት ቆራጩ በአንዱ መልስ ሥራውን ለቆ ሐረር ገብቷል፣ በሌላው ነጋዴዋን አግብቷል፣ በሦስተኛው ከዚያው ባቡር ሳይወርድ ወደ ጅቡቲ ተመልሷል። የትኛውን እንደሚያምን አዲሱ ተጫዋች ይመርጣል፤ የመረጠውንም እስከ መጨረሻው ለማንም አይናገርም።