የወይን ጠጅ ገለጻ፦ የጣዕም ቋንቋ ወይስ የማዕረግ?

ስለ ወይን ጠጅ የሚጻፈው ገለጻ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዘርፍ ከሆነ ውሎ አድሯል። በጠርሙስ ጀርባ፣ በሆቴል የመጠጥ ዝርዝርና በጋዜጣ ዓምድ እየወጣ አንዱን ወይን ጠጅ «ጨዋ»፣ ሌላውን «ባለ ግርማ» ይለዋል። ጽሑፍ እስከሆነ ድረስ ሂስ ይገባዋል። የሂሱም ጥያቄ አንድ ነው፤ ቃሉ የሚናገረው በብርጭቆው ውስጥ ስላለው መጠጥ ነው ወይስ ብርጭቆውን ስለ ያዘው ሰው ማዕረግ?

በዕለት ተዕለት ኑሮ ለዚህ ቋንቋ ሁለት ዓይነት አመለካከት ይታያል። አንደኛው የፍርሃት ነው፤ ጠጪው የቀመሰውን ትቶ የተነገረውን ይደግማል። ሁለተኛው የንቀት ነው፤ ገለጻውን ሁሉ የባለጸጎች ማታለያ አድርጎ ያልፈዋል። ሁለቱም ከመመርመር ይሸሻሉ።

በእርግጥ ናቂው ማስረጃ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ1976 በፓሪስ በተደረገ ውድድር፣ አብዛኞቹ ፈረንሳውያን የሆኑት ዳኞች የጠርሙሱ ስም ተሸፍኖ ሲቀምሱ፣ በነጩም በቀዩም አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያ ወይን ጠጅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት ደግሞ፣ በቦርዶ ለ54 የወይን ጠጅ ሙያ ተማሪዎች ሽታ የሌለው ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት ነጭ ወይን ጠጅ ቀረበላቸው። ተማሪዎቹም ለቀይ ወይን ጠጅ በተለመዱት ቃላት ገለጹት። አፍንጫቸው ሳይጠየቅ ዓይናቸው መለሰ።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ጣዕም በቃል አይገለጽም ማለት ስሕተት ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ አን ኖብል ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረቡት የመዓዛ ክብ ሠንጠረዥ ተቃራኒውን ያሳያል። ሠንጠረዡ ከጥቅሉ ወደ ዝርዝሩ፣ ለምሳሌ ከፍራፍሬ ወደ ሎሚ፣ ይወስዳል። የአድናቆትና የፍርድ ቃላት በውስጡ ቦታ የላቸውም፤ የተመረጡት ማንም ሰው አሽትቶ ሊያመሳክራቸው የሚችላቸው ናቸው።

የአማርኛ ተናጋሪም ለዚህ ዓይነቱ ገለጻ እንግዳ አይደለም። የወይኑን መጠጥ በማሩ ጠጅ ስም ጠርቶታል፤ ለማሩ ጠጅም ከሥራው የወጡ ቃላት አሉት። «ብርዝ» ሲባል ገና ያልፈላ፣ «ደረቅ» ሲባል በሚገባ ፈልቶ ጣፋጭነቱ የቀነሰ መሆኑ ይታወቃል። «ጌሾ በዝቶበታል» ያለ ጠጪ ደግሞ ምሬቱን ብቻ ሳይሆን የምሬቱን ምክንያት ተናግሯል። ጠጅ ጣይዋ ይህን ሰምታ የሚቀጥለውን ጥንስስ ልታስተካክል ትችላለች፤ «ጨዋ አይደለም» ብትባል ግን የምታስተካክለው ነገር አይኖርም።

የገለጻ ቋንቋ ዋጋ የሚመዘነውም በዚሁ ነው፤ ሠሪውንና ጠጪውን ሊያግባባ፣ ሐሰት ከሆነም በቅምሻ ሊጋለጥ ይገባዋል። እንግዲህ ስለ ወይን ጠጅ በአማርኛ የሚጽፍ ሁሉ የባዕድ የማዕረግ ቃላትን ከመገልበጥ ይልቅ ኮምጣጣነትን፣ ምሬትን፣ የፍሬና የእንጨት ሽታን በየስማቸው ቢጠራ፣ አንባቢው በገዛ ምላሱ እንዲፈርድ መብቱን መለሰለት ማለት ነው።